የሻምበል መዳፍ

ኅዳር ውስጥ ነው። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አረካ ውዬ ወደ ሶዶ ለመመለስ ሚኒባስ ስገባ፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ አከራዬን አቶ ቦልቴን አገኘኋቸው። በጆንያ የታሰረ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል፤ ወንድማቸው ከማሳው ቆፍሮ የሰጣቸው ነው። እኔ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነኝ፤ ስሜ ሔርሜላ ይባላል። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው በእሳቸው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን በተሠራችው ክፍል ውስጥ ነው።

«በጥሩ ሰዓት አገኘሁሽ፣ ልጄ» አሉና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያም ግራ ቀኛቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግቢ ውስጥ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ ግድግዳም ጆሮ አለው ብዬ ተውኩት። ሰው አጥር ሊገፋ እያሰበ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ሳይገፋበት በፊት መክሰስ ይችላል?»

«ማን ነው የሚገፋብዎት፣ ጋሼ?»

«ኑሪ ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

አቶ ኑሪ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። አባታቸው ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አድገው፣ ወላይትኛውን ከአቶ ቦልቴ እኩል የሚናገሩ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። የሁለቱ ግቢ በሮች የሚከፈቱት በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። የእኛ በር ከፊት፣ የእነሱ በር ከመጨረሻ ስለሆነ፣ ከእነሱ ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ በእኛ ደጃፍ ማለፉ ግድ ነው።

«ምን አይተው ነው እንዲህ የሚሉት?» አልኳቸው።

«ምን ያላየሁት አለ? አሸዋና ድንጋይ በአጥሬ ጥግ አስከምሯል። አጥር የማይነካ ሰው ድንጋይ ምን ያደርግለታል? ሚስቱ ሀጂራ ደግሞ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ሚስቴ ኢትዮጵያ አልጋ ላይ ወድቃ እያለ! እህትማማች አልነበሩም እንዴ?» ንግግራቸውን አቋርጠው ኋላ ያሉትን ተሳፋሪዎች ገረፍ አድርገው አዩ። «እሱስ ይቅር። በጊፋታ ሰሞን በሬ ላይ ሳህን ሰብራ ሄዳለች። ኮሽታ ሰምቼ ስወጣ ስብርባሪው ደጃፌ ላይ ተበትኗል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጣደፋለች። በሰው ደጅ ዕቃ የሚሰበረው ለምን እንደሆነ አንቺ የተማርሽው አታውቂም፤ እኛ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ እግር መች ተሻለው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ልጄ!»

ባለቤታቸው እትዬ ኢትዮጵያ በሐምሌ ዝናብ አዳልጧቸው ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ሐኪሞቹ አጥንቱን ጠግነው «በከዘራ ተደግፈው በግቢው ውስጥ ይራመዱ፤ ካልተራመዱ እግሩ ይደርቃል» ብለው አሰናበቷቸው። እሳቸው ግን ከአልጋ መውረድ ትተው ነበር። ለምን እንደተውት ያኔ አልገባኝም።

ዱቦ መገንጠያን አለፍ እንዳልን የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ሁላችንም ወርደን ከመንገዱ ዳር ቆምን። ከኋላ ወንበር የወረደች አንዲት ወጣት ወደ እኛ መጥታ አንገቷን ሰበር አድርጋ በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ፣ ጋሼ ቦልቴ» ስትል፣ አቶ ቦልቴ ክው አሉ። ሀኒያ ነበረች፤ የአቶ ኑሪና የወይዘሮ ሀጂራ ልጅ። የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ያን ሰሞን በአረካ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የተግባር ትምህርት ላይ ስለነበረች ሰማያዊ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ነበር።

«ከኋላችን ተቀምጠሽ ኖሯል?» አሉ አቶ ቦልቴ፣ ፊታቸውን አጨፍግገው።

«አዎ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለመስማት ብዬ አይደለም፤ ጆሮ መዝጊያ የለውም። ከሰማሁ በኋላ ግን ዝም ብል በእናቴ ላይ እንደመሰከርኩ ይቆጠራል። ሳህኑን የሰበረው ሻምበል ነው።»

ሻምበል የአቶ ቦልቴ ውሻ ነው። ከቦምቤ በቡችላነቱ በዘንቢል መጥቶ፣ አሁን የወይፈን ጥጃ አክሏል። ክፉ ውሻ አይደለም፤ ሰው ነክሶ አያውቅም። አመሉ ሌላ ነው። ሰው ባየ ቁጥር ሮጦ የፊት እግሩን ያነሣና ጉልበት ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ከተመቸውም ደረት ላይ ያሳርፋል፤ እስኪያዩት፣ እስኪያናግሩት፣ እስኪያሻሹት ድረስ በጥፍሩ ይቧጥጣል። ልብስ ይቀድዳል፤ ጎልማሳ ሰው ያንገዳግዳል።

«ሻምበል?» አሉ አቶ ቦልቴ። «ሻምበል ሳህን ምን ያደርግለታል?»

«እናቴ ለእትዬ ኢትዮጵያ የጊፋታ ምግብ ይዛ መጣች። በሩ ክፍት ነበር። ገና ሳትጣራ በሁለት እግሩ ቆሞ ደረቷ ላይ ወጣባት። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ከአንገቷ እስከ እግሯ ጭቃ ሆነች፤ ሳህኑም ከእጇ አመለጠ። የሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የውሻ እርጥበት የነካው ልብስ በሚገባ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። የተጣደፈችው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምነው አፍ የላትም? ቤቴ መጥታ አትነግረኝም?»

«ይሉኝታ ይዟት ነው። ‹ሙስሊም ስለሆነች ነው ውሻችንን የጠላችው ይሉኛል፤ ሰው የሚወደውን እንዴት ብዬ ልንቀፍ?› አለች። ሌላ ቀንም ሁለት ጊዜ ያህል ሞክራ ከደጃፉ ተመለሰች።»

«አሸዋውስ? ድንጋዩስ?»

ሀኒያ ትንሽ አመነታች። «አባቴ በጓሮ በኩል ወደ ላይኛው መንገድ በር ሊከፍት ነው፤ በእርስዎ ደጃፍ እንዳናልፍ።»

አቶ ቦልቴ ወደ እኔ ዞሩና ልጅቷ እንደሌለች ያህል «አየሽ?» አሉኝ። «ለሁሉም ነገር መልስ አላት። ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው ያስፈራኛል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብናገር አንባቢ አይታዘበኝም ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ በመስኮቴ የሚቀርቡትን የጎረቤት ክሶች ስመለከት፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ሰው ከሠራው በደል ሳይሆን ሰው ሳይናገረው ከቀረው ቃል ነው። ዝም ያለው በጨዋነቱ ይኮራል፤ ዝም የተባለው ደግሞ ዝምታውን በራሱ ፍርሃት ይተረጉመዋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ለሹመት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም።

ረዳቱ ጎማውን እየፈታ ሳለ ሀኒያ ቀረብ አለች። «ጋሼ፣ ይህ አመል የሚለቅ አመል ነው። ቢፈቅዱልኝ ከእናንተው ጋር ሆኜ ላስተወው።»

«አሃ!» አሉ አቶ ቦልቴ፣ ነገሩ አሁን እንደተገለጠላቸው ሁሉ። «ነገሩ ወዲህ ኖሯል! መጀመሪያ ውሻውን ማላመድ፣ ከዚያ አጥሩን! ደግሞስ እናንተ ውሻ የማትነኩ ሰዎች ስለ ውሻ ምን አገባችሁ? ሻምበል ሰው መንካት ከተወ እኔን ማን ይጠብቀኛል?»

«አሁን እየጠበቀዎት ይመስልዎታል? ሌባ ቢመጣ እኮ እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው።»

በአጠገባችን የቆሙ ተሳፋሪዎች ሳቁ። አቶ ቦልቴ ግን አልሳቁም። «ሻምበል በእጁ ሰው ይመዝናል» አሉ በቁጣ። «ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ይቆምለታል፤ የሚሸሸው ግን በሆዱ አንድ ነገር የያዘ ነው። እኔ የሰውን ልብ የማውቀው በዚህ ነው።»

«እትዬ ኢትዮጵያስ?» አለች ሀኒያ በዝግታ። «ከአልጋ የማይወርዱት ሻምበልን ፈርተው ከሆነስ? እሳቸውም በሆዳቸው ነገር ይዘው ነው?»

አቶ ቦልቴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ጎማው ተቀይሮ ሶዶ እስክንደርስ ድረስ መስኮቱን እያዩ ሄዱ።

መነኻሪያ ወርደን፣ ቦይናው ከባድ ስለነበረ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተሳፍረን እስከ መተላለፊያው አፍ ሄድን። አቶ ቦልቴ በሩን ከፈት ከማድረጋቸው ሻምበል ተወርውሮ መጣና ሁለት እግሩን ወገባቸው ላይ ጫነ። «ሂድ! ውረድ! ምን ዓይነት ባለጌ ነህ!» እያሉ በአንድ እጃቸው ገፉት፤ ተመልሶ ወጣባቸው። አሁንም ገፉት። በመጨረሻ ሳቅ አመለጣቸውና ጆሮውን አሻሹት።

ሀኒያ መተላለፊያው ላይ ቆማ ታያለች። «ጋሼ፣ አሁን ለሻምበል ምን እንዳስተማሩት ያውቃሉ?»

«ውረድ አልኩት፤ አልሰማሽም?»

«ቃሉን እሱ አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው፣ እግሩን ሲያነሣ ጌታው እንዳዩት፣ እንዳናገሩት፣ በእጃቸው እንደነኩት ነው። መግፋትም ለእሱ መነካት ነው፤ ጩኸትም ወሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የዋለ ውሻ ሰው ፊቱን እንዲያዞርለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስድብም ቢሆን ከዝምታ ይሻለዋል።»

«ውሻ በዱላ እንጂ በዝምታ ሲማር አላየሁም።»

«በዱላ ሞክረዋል?»

«እንዴታ! በደንብ አድርጌ ነዋ!»

«ተወ?»

አቶ ቦልቴ ጆንያውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ለጥቂት ቀን ይርቃል... ከዚያ ይረሳዋል።»

«ዱላው የሚያስተምረው ዱላ የያዘን ሰው መፍራት ብቻ ነው። እትዬ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዘራ ይይዛሉ። አንድ ቀን ከዘራውን ፈርቶ ቢናከስስ?»

ይህን ብላ ደፍራ ወደ በሩ ገባች። ሻምበል ወዲያው ወደ እሷ ሮጦ እግሩን አነሣ። ሀኒያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ጀርባዋን ሰጥታው ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ዞሮ በፊቷ መጣ፤ እሷም ዞረች። ጋዋኗን ቧጠጠ፤ እንዳልሰማች ሆነች። አለቀሰ፤ ዝም አለች። ሻምበል ግራ ገብቶት አንዴ እሷን፣ አንዴ አቶ ቦልቴን ካየ በኋላ አራቱም እግሩ መሬት ላይ እንዳለ ቆመ፤ ቆይቶም ቁጭ አለ። ወዲያው ወደ እሱ ዞራ በለሰለሰ ድምፅ «ሻምበል! ጎበዝ!» አለችው። ደስ ብሎት ሊነሣባት ሲል እንደገና ጀርባዋን ሰጠችው። እንደገና ተቀመጠ።

«እጅሽን ዘርጊ!» አሉ አቶ ቦልቴ።

ዘረጋች። ባዶ ነበር። ወደ ኪሷም እያዩ «ምን አድርገሽበት ነው?» አሉ።

«ምንም። ያልሰጠሁት ነገር ነው ያስተማረው።»

ያን ዕለት ማታ ክፍሌ ድረስ መጥተው «ተስማምቼላታለሁ» አሉኝ። «አትሳሳቺ፤ አምኛት አይደለም። የመጣችበትን ነገር እስካገኘው ነው። እኔ በሌለሁበት ግቢ አትገባም፤ አንዲት ቁራሽ እንኳ ከእነሱ ቤት ይዛ አትመጣም፤ አንቺም ምስክር ትሆኛለሽ።» ከዚያ በጥርጣሬ አዩኝ። «ደሞ አንቺም የእነሱ ወገን ካልሆንሽ ነው።»

የሀኒያ ሕግ አጭር ነበር። ሻምበል እግሩን ካነሣ ማንም አያየውም፣ አያናግረውም፣ አይነካውም፣ አይገፋውም፤ ጀርባ ይሰጠዋል፣ አለዚያም ትቶት ይሄዳል። አራት እግሩ መሬት ሲነካ ግን ሳይዘገይ፣ ሳይጯጯህ፣ በእርጋታ ይመሰገናል፣ ደረቱ ይታሻል። እንግዳ ሲመጣ በገመድ ተይዞ ይቆያል፤ ሲቀመጥ ብቻ እንግዳው ይቀርበዋል። ማለዳ አቶ ቦልቴ ራሳቸው ይዘውት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ የሰለቸው ውሻ አመል ያበዛልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ከልክሎ ሌላው ከሰጠ፣ ውሻው የሚማረው መጨቅጨቅን ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እየከፋ ሄደ። ሻምበል ይጮህ ጀመር፤ ቀድሞ አንዴ ያነሣው የነበረውን እግር አሁን ደጋግሞ ያነሣል። አንድ ቀን የአቶ ቦልቴን የክት ኮት ከኪሱ እስከ ታች ድረስ ተረተረው። አቶ ቦልቴ ኮቱን በእጃቸው ይዘው እስከ አቶ ኑሪ በር ሄዱ፤ እኔም ጠብ እንዳይነሣ ተከተልኳቸው።

«አበላሸሽው!» አሉ ሀኒያን ገና ስትወጣ። «ደህና ውሻ ነበር፤ አሳበድሽው! ይኸው ነው የፈለግሽው?»

ሀኒያ ኮቱን አየችና በጣም አዘነች። «መንገር ነበረብኝ፣ ጋሼ፤ ይቅርታ። ሁልጊዜ የሚከፈትልዎ በር አንድ ቀን ቢዘጋብዎ ወዲያው ዞረው ይሄዳሉ? መጀመሪያ ጠንከር አድርገው ያንኳኳሉ፤ ከዚያ ይጣራሉ፤ ከዚያም በጡጫ ይመታሉ። አልከፈት ሲልዎ ነው የሚተዉት። ሻምበል አሁን በጡጫ እየመታ ነው። ዛሬ ከከፈቱለት፣ ለወደፊቱ በጡጫ መምታት እንደሚያስከፍት ይማራል። ከዚህ በኋላ እሱን ማስተው ይከብደናል።»

አቶ ቦልቴ እያጉረመረሙ ተመለሱ። ግን አልከፈቱለትም። ግትር ሰው ናቸው፤ ግትርነት ደግሞ ወደ ደህና ነገር ከተመለሰ ትልቅ ኃይል ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ለውጡ ታየ። ሻምበል እኔን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ ከፊቴ ቁጭ ማለት ጀመረ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ከመንገድ ላይ እየጮኸ ቁጥር መጠየቁን ትቶ ገብቶ አነበበ። ነገር ግን አንድ የማይገባን ነገር ነበር፤ ውሻው ከሰዓት በኋላ ከቤት ሲወጣ አመሉ ተመልሶበት ያመሻል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ይቧጥጣል።

«አንድ ሰው በድብቅ እያበላሸብን ነው» አሉ አቶ ቦልቴ። መጀመሪያ እኔን ጠረጠሩ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ቢሮ ነኝ። ቀጥሎ ሀኒያን ጠረጠሩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ «ሱቅ ሄጃለሁ» ብለው ከቤት ወጡና በቤቱ የኋላ በር ተመልሰው ገብተው ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ቆሙ። ከአፍታ በኋላ ድምፃቸውን ሰምቼ ሮጥኩ።

ሻምበል አልጋው ጎን ቆሞ አንድ መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ ጭኗል። እትዬ ኢትዮጵያ መዳፉን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኛቸው ዳቦ ያጎርሱታል።

«አንቺ ነሽ!» አሉ አቶ ቦልቴ። «ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የገዛ ሚስቴ!»

እትዬ ኢትዮጵያ አልደነገጡም። «እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ይሁን ትላለህ? አንተ ስለ አጥርህ ታስባለህ። ልጆቹ በስልክ ‹ተሻለሽ ወይ› ብለው ይዘጋሉ። ሀጂራ ረስታኛለች። ቀን ከቀን እጁን የሚሰጠኝ ይህ ውሻ ብቻ ነው። እሱንም ጀርባ ስጪው ትሉኛላችሁ?»

አቶ ቦልቴ ወጥተው ሀኒያን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በፊት ጠርተዋት አያውቁም ነበር።

ሀኒያ ነገሩን ከሰማች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻምበልን አላየችውም።

«እትዬ ኢትዮጵያ፣ እናቴ አልረሳችዎትም። ሰኞ ‹ኢትዮጵያ ተነሣች?› ትለኛለች፤ ማክሰኞም ትጠይቀኛለች። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። የማትመጣው ይህን መዳፍ ፈርታ ነው።»

«ሀጂራ?» አሉ እትዬ ኢትዮጵያ። «ሀጂራ ሻምበልን ፈርታ? ቦልቴ ደጃፋችን ላይ ሳህን ሰብራ ሄደች ብሎኝ...»

«ለእርስዎ የያዘችው ምግብ ነበር» አለች ሀኒያ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረቻቸው። ስትጨርስ «እርስዎም ራስዎ ከአልጋ የማይወርዱት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ኢትዮጵያ ባላቸውን አዩ። «ከሆስፒታል እንደመጣሁ ሰሞን በከዘራ እስከ ደጁ ወጥቼ ነበር» አሉ። «ሻምበል ደስ ብሎት ወጣብኝ። ግድግዳ ባልይዝ ወድቄ ነበር። ለቦልቴ ብነግረው ውሻውን ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ተውኩት።»

«እንግዲህ ይመልከቱ» አለች ሀኒያ። «የሻምበል መዳፍ አንድ እጅ ሰጥቶዎት ስንት እጅ ከለከለዎት? የእናቴን እጅ ከለከለ፤ ከዘራዎን ከለከለ፤ ፀሐዩን ከለከለ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኛ ያስተማርነውን ነው የሚያደርገው። ይውደዱት፣ ያሻሹት፤ ማንም አይከለክልዎትም። ግን ሲተኛ ይሁን፤ መዳፉን ሲያነሣ አይሁን። አሁን እጅዎን ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስገቡና ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ።»

እትዬ ኢትዮጵያ ዳቦውን ለሀኒያ ሰጥተው ዞሩ። ሻምበል ቧጠጠ፤ አለቀሰ፤ አፍንጫውን ብርድ ልብሱ ሥር ከተተ። እትዬ ኢትዮጵያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሱ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። ብዙ ቆይቶ ውሻው በረጅሙ ተንፍሶ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። «አሁን!» አለች ሀኒያ በሹክሹክታ። እትዬ ኢትዮጵያ ዞረው እጃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ሻምበል» እያሉ አንገቱን አሻሹት። ጭራውን እየቆላ እንደተጋደመ ቀረ።

አቶ ቦልቴ መጋረጃውን ይዘው ቆመው ነበር። «ሀኒያ» አሉ፤ በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። «ሌባ ሳድን ከረምኩ። ከቤቴ የጠፋውን ግን አላየሁም።»

በማግስቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አቶ ኑሪ ቤት ሄዱ። ምን እንዳሉ በቦታው አልነበርኩም፤ ወይዘሮ ሀጂራ ኋላ እንደነገሩኝ ግን ገና ከበሩ «ጠርጥሬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ምን እንደጠረጠርኩ አትጠይቂኝ፤ ያሳፍረኛል» ነበር ያሉት። ወይዘሮ ሀጂራም «ያኔውኑ ብነግርህ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ አንተም ይቅር በለኝ» ብለው መለሱ። አቶ ኑሪ የጓሮውን በር ነገር ተዉት። አሸዋውንና ድንጋዩን ሁለቱ አባወራዎች ተጋግዘው በመተላለፊያው ላይ አነጠፉት፤ ያ የክረምት ጭቃ ዛሬ የለም።

አቶ ቦልቴ አሁን ለእድሩ ሰዎች ሳይቀር መካሪ ሆነዋል። ባለፈው ወር በእድሩ ስብሰባ ላይ አቶ መልካሙ የተባሉ ጎረቤታችን፣ ጎረምሳ ውሻቸው ሰው እየቧጠጠ እንዳስቸገራቸውና ሊጥሉት እንዳሰቡ ሲያወሩ፣ አቶ ቦልቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አትጣለው፤ አትምታውም» አሉ። «እኔ እንደ አንተ ነበርኩ። እግሩን ሲያነሣ ፊት ንሣው፤ ሲቀመጥ ፊት ስጠው። ሚስትህም፣ ልጆችህም፣ ተከራይህም እንደ አንተ ያድርጉ። መጀመሪያ ይብስበታል፤ አትሸነፍለት። እኔ ምን እንዳገኘሁ ልንገርህ? ልብሴ አይቀደድም። ቤቴ እንግዳ ይገባል። ሻምበልም ድሮ መጪውን ሁሉ ሲያቅፍ ሌባና ዘመድ አይለይም ነበር፤ ዛሬ ተቀምጦ ያያል፣ የማያውቀው ሲመጣ ይጮሃል፣ እኔም ወጥቼ አያለሁ። ጥበቃ ማለት ይሄ ነው። ለውሻውም ቢሆን ይሻለዋል፤ ስድብና እርግጫ ቀርቶለት በሰላም ይታሻል። ጎረቤትህ መንገድ ከቀየረብህ ደግሞ አጥርህን ከመለካትህ በፊት ሄደህ ጠይቀው። እኔ ለዚህች ትምህርት ኮት ከፍያለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቶ መልካሙ ግን ከስብሰባው በኋላ ሀኒያ መቼ እንደምትመጣ ጠየቁ።

ከትምህርት ቤት ያልተማርነው ብዙ ነገር አለ፤ ከአባቶቻችንም ሁሉን አልወረስንም። ውሻ ማሳደግን ከአባቶቻችን ተቀብለናል፤ ውሻ ማስተማርን ግን ገና አሁን እየለመድነው ነው። ይህን አዲስ ነገር መቀበል አባትን መናቅ አይደለም። እንስሳው የሚያደርገው እኛ ያስለመድነውን እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት የራሱን እጅ ይመረምራል። በዚህም ቤቱ ይሰፋል፤ ደጁም ለሰው ይከፈታል።

ወይዘሮ ሀጂራ የመጡት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻምበል በገመድ አልታሰረም ነበር። በሩ ሲከፈት ተነሣ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ እሳቸው ሄዶ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ሀጂራ ከሩቁ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ደህና ነህ ወይ፣ ሻምበል?» አሉት፤ ሳይነካቸው አለፉ።

እትዬ ኢትዮጵያ በረንዳው ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው መላቀቅ አቃታቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዳጣው መወደድ፣ ስለ ጉልበትና ወገብ ሕመም ሲያወሩ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። አቶ ቦልቴ ሁለት ጊዜ መጥተው «ብርድ ነው፣ ግቡ» ቢሉ የሰማቸው የለም።

ወይዘሮ ሀጂራ ለመሄድ ሲነሡ እትዬ ኢትዮጵያም ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ያስነሣሻል?» አሉ ወይዘሮ ሀጂራ።

«እንግዳዬን ሳልሸኝ?»

ቀስ እያሉ ግቢውን አቋርጠው እስከ በሩ፣ ከበሩም በተነጠፈው መተላለፊያ እስከ አቶ ኑሪ ደጅ ሸኟቸው። እዚያ ሲደርሱ ወይዘሮ ሀጂራ «ታዲያ አንቺ ብቻሽን እንዴት ትመለሻለሽ?» ብለው እጃቸውን ይዘው መልሰው እኛ በር ድረስ ሸኟቸው። እኛ በር ላይ እትዬ ኢትዮጵያ ትንሽ ተንፈስ አሉና «ነይ በይ፣ እስከ መሃል መንገድ ልመልስሽ» አሉ።